አሸዋው ይሸከማል፣ ጭቃው ያዝዛል

በደቡብ አፍሪካ በረሃ ላይ የተጋለጠ ጥንታዊ የባሕር ወለል፣ ከመሬት በታች ስላለው ነዳጅ፣ ጋዝና ውሃ አካሄድ ምን ያስተምራል?

እ.ኤ.አ. በጥር 2020 አጋማሽ ላይ ከናይጄሪያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ኢንተርኔት ተጎተተ። ሳት-3 እና ዋክስ የሚባሉት፣ የአፍሪካን ምዕራባዊ ጠረፍ ተከትለው በውቅያኖስ ወለል ላይ የተዘረጉ ሁለት የመገናኛ ኬብሎች ተበጥሰው ነበር። የመርከብ መልሕቅ ወይም የዓሣ አጥማጅ መረብ አልነበረም የበጠሳቸው። ከኮንጎ ወንዝ አፍ ተነሥቶ፣ በባሕሩ ሥር ባለው ጥልቅ ሸለቆ ቁልቁል የወረደ የአሸዋና የጭቃ ጎርፍ ነበር።

ጎርፉ የደረሰው መለኪያ በተተከለበት ስፍራ ነው። በእንግሊዝ የደርሃም ዩኒቨርሲቲው ፒተር ታሊንግ የመሩት የተመራማሪዎች ቡድን ከወራት በፊት በሸለቆው ውስጥ የፍጥነት መለኪያ መሣሪያዎችን በገመድ አስሮ አኑሮ ነበር። ጎርፉ ገመዶቹን እየበጠሰ ሲያልፍ በየትኛው ሰዓት የት እንደደረሰ ታወቀ። ሲነሣ በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ የነበረው ፍጥነቱ፣ ርቆ በሄደ ቁጥር ጨምሮ ወደ 8 ሜትር ደረሰ። በመንገዱ ላይ ያገኘውን ደለል እየቦጨቀ፣ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። ከሸለቆው ወለል የጠረገው ደለል ከ2 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን በባሕሩ ላይ የሚቀዝፍ መርከበኛ ከሥሩ የሚያልፈውን አያይም፣ አይሰማምም።

ሳይንቲስቶች ይህን ዓይነቱን ጎርፍ ማሰብ የጀመሩት ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1929 በካናዳ ጠረፍ፣ ግራንድ ባንክስ በተባለው ስፍራ የምድር መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከዚያም በአትላንቲክ ወለል የተዘረጉ 12 የቴሌግራፍ ኬብሎች ተቆረጡ። ለመንቀጥቀጡ የቀረቡት ወዲያው፣ የራቁት ደግሞ ከሰዓታት በኋላ በየተራ ነበር የተቆረጡት። ብሩስ ሂዘንና ሞሪስ ዩዊንግ እ.ኤ.አ. በ1952 የኬብሎቹን የመቆረጫ ሰዓት አሰልተው በባሕሩ ወለል የተጓዘውን የደለል ጎርፍ ፍጥነት አሳዩ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎም ሆላንዳዊው ፊሊፕ ኩነንና ጣሊያናዊው ካርሎ ሚልዮሪኒ እንዲህ ያለ ጎርፍ ሲረጋ ከታች ሻካራ፣ ከላይ ደቃቅ የሆነ የአሸዋ ንጣፍ እንደሚተው በላቦራቶሪ ሙከራና በጣሊያን ተራሮች ድንጋይ አስረድተው ነበር።

ጎርፉ ያልፋል፣ ንጣፉ ይቀራል

የደለሉ ጎርፍ ኃይሉ ሲደክም መጀመሪያ የሚጥለው ከባዱን ነው። አሸዋው ቀድሞ ይረጋል። ከዚያ ደቃቁ አሸዋ በስስ መስመሮች እየተነጠፈ ይከተላል። በመጨረሻ፣ ውሃው ጸጥ ካለ በኋላ፣ ጭቃው ለቀናትና ለሳምንታት ቀስ እያለ ይወርዳል። ሆላንዳዊው አርኖልድ ቦውማ በደቡብ ፈረንሳይ በአኖ አካባቢ የሚታዩትን የአሸዋ ድንጋዮች አጥንቶ ይህን ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በ1962 በአምስት ክፍል አስቀመጠው። ዛሬ በዓለም ያሉ የጂኦሎጂ ተማሪዎች ሁሉ የቦውማን ቅደም ተከተል በደብተራቸው ይስሉታል። ድንጋዩም ቱርቢዳይት ይባላል።

አንድ ጎርፍ አንድ ጥንድ ይተዋል፦ አሸዋ ከታች፣ ጭቃ ከላይ። ከመቶ ወይም ከሺህ ዓመት በኋላ ሌላ ጎርፍ መጥቶ ሌላ ጥንድ ይደርባል። ይህ ለብዙ መቶ ሺህ ዓመታት ሲደጋገም የባሕሩ ወለል በመቶዎች ሜትር በሚቆጠር ድርብርብ ይሞላል። በላዩ ሌላ ደለል ሲጫን ይቀበራል፣ ይሞቃል፣ ይጠነክራል። በጥልቀት ከሥሩ ወይም ከአጠገቡ የበሰለ ዘይት ወይም ጋዝ ካለ፣ ወደ ላይ ሲሸሽ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሰበሰባል።

የአፍሪካ የባሕር ላይ ነዳጅ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ድርብርብ ታሪክ ነው። በአንጎላ ጠረፍ እ.ኤ.አ. በ1996 የተገኘው ጂራሶል፣ በዓመቱም የተገኘው ዳሊያ፣ ዘይታቸውን የያዙት ጥንታዊው የኮንጎ ወንዝ ወደ ጥልቁ ባሕር ባወረደው አሸዋ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኬብል የበጠሰው ጎርፍ የእነዚያ ጎርፎች የሩቅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተገኘው የጋና ጁቢሊም፣ የሰሜን ሞዛምቢክ ግዙፍ የጋዝ ክምችቶችም ከዚሁ የድንጋይ ቤተሰብ ናቸው።

መሐንዲሱ የማያየው

ዘይት ተገኘ ማለት ይወጣል ማለት አይደለም። በድንጋዩ ውስጥ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ፈሳሹ በዚያ ቦታ ውስጥ ከወዲህ ወዲያ መሄድ መቻሉ ሌላ ነገር ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ለዲዦን ከተማ የውሃ ሥራ ሲል ውሃ በአሸዋ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያልፍ ለክቶ ሕጉን ጻፈ። የድንጋይ አሳላፊነት እስከ ዛሬ የሚለካው በስሙ ነው። ጥሩ የአሸዋ ድንጋይ 1 ዳርሲ አካባቢ ሊሆን ይችላል። በላዩ የተነጠፈው የጭቃ ድንጋይ ግን ከዚያ በሚሊዮን እጅ ያነሰ ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ በሃያ ሜትር አሸዋ መካከል የተቀመጠ የአንድ ስንዝር ጭቃ፣ በስፋት እስከተዘረጋ ድረስ፣ ክምችቱን ከሁለት ይከፍለዋል። ሊጡ የቱንም ያህል ቢወፍር ከምጣዱ የሚለየው ስሱ የኮባ ቅጠል እንደሆነ ሁሉ።

ታዲያ ያን ጭቃ ማን ያየዋል? ከባሕሩ ወለል በታች ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ያለውን ድንጋይ ለማየት ኩባንያዎች የድምፅ ሞገድ ወደ መሬት ይልካሉ፤ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ተቀብለው ምስል ይሠራሉ። ሳይዝሚክ የሚባለው ይህ ነው። ሞገዱ በዚያ ጥልቀት በሰከንድ 3,000 ሜትር ቢጓዝና 30 ጊዜ ቢርገበገብ፣ አንዱ ሞገድ 100 ሜትር ይረዝማል። ከሩቡ፣ ማለትም ከ25 ሜትር ያነሰውን ውፍረት ለይቶ ማሳየት ይቸግረዋል። ስንዝር ጭቃ ለእርሱ የለም።

ሁለተኛው ዓይን የቁፋሮ ጉድጓድ ነው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ኮር፣ ማለትም የድንጋይ ዘንግ፣ ስንዝሯን ጭቃ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ችግሩ የዘንጉ ወርድ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ቀጣዩ ጉድጓድ አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። በጥልቅ ባሕር አንድ ጉድጓድ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ስለሚያስወጣ አጠጋግቶ መቆፈር አይታሰብም። በሁለቱ ጉድጓዶች የታየው ጭቃ አንድና ያው ነው ወይስ ሁለት የተለያዩ? ኮሩ ይህን አይመልስም። ሳይዝሚኩ ያደበዝዘዋል፣ ኮሩ ያጠበዋል፤ በመካከል የቀረውን ክፍተት የሚሞላው ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ማየት ነው።

ታንኳ ካሩ

ከሴሬስ ከተማ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ካልቪኒያ የሚወስደው አር 355 የተባለ የጠጠር መንገድ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በመካከሉ አንድም ከተማ የለም። ስለታማው ጠጠር ጎማ ስለሚበላ መንገደኛው ከአንድ በላይ ትርፍ ጎማ ይዞ እንዲወጣ ይመከራል። በምዕራብ የሴደርበርግ ተራሮች፣ በምሥራቅ የሮገፌልድ ገደል ይታያሉ። በመካከል ያለው ሜዳ ታንኳ ካሩ ነው፤ ዝናብ የራቀው፣ ቁጥቋጦውም እየተራራቀ የበቀለ ደረቅ አገር። ለበግ አርቢ ከባድ መሬት ነው፤ ለጂኦሎጂስት ግን አፈርና ደን ያልሸፈነው ድንጋይ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ከ250 ሚሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት በነበረው የፐርሚያን ዘመን፣ ደቡብ አፍሪካ ጎንድዋና የተባለው ጥንታዊ ታላቅ አህጉር አካል በነበረችበት ጊዜ፣ ይህ ሜዳ ጥልቅ የባሕር ወለል ነበር። ዛሬ በኮረብቶቹ ጎን ስኩርስቴንበርግ በሚባለው የድንጋይ ክፍል ውስጥ አምስት ወፋፍራም የአሸዋ ድንጋይ ጥቅሎች ይታያሉ። ከታች ያሉት አራቱ ከፋን 1 እስከ ፋን 4 ይባላሉ፤ አምስተኛው ክፍል 5 ነው። እያንዳንዳቸው ከ20 እስከ 60 ሜትር ይወፍራሉ፤ በመካከላቸው ጥቁር የጭቃ ድንጋይ አለ። ጠቅላላው ድርብርብ 400 ሜትር ገደማ ሲሆን የተጋለጠበት ስፋት ወደ 650 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የኬፕ ተራሮችን ያጣጠፈው ኃይል ታንኳን በቀላሉ ነው የነካው። ንጣፎቹ ሳይጣጠፉ፣ ለጥ ብለው፣ አንዱን ንጣፍ ለኪሎ ሜትሮች በእግር ተከትሎ ለመሄድ በሚያስችል ሁኔታ ቀርተዋል።

የመስክ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ሳይከር ነው። ቡድኑ ከገደሉ ሥር ይቆማል። አንዱ በሜትር የተከፋፈለ ቀጥ ያለ ዱላ ይይዛል፤ ሌላዋ የአሸዋውን ቅንጣት በእጅ ማጉያ እያየች ከመለኪያ ካርዷ ጋር ታመሳክራለች። ከታች ወደ ላይ፣ ንጣፍ በንጣፍ፣ ውፍረቱ፣ የቅንጣቱ መጠን፣ የታችኛው ወለል የተቧጨረ ወይም የለሰለሰ መሆኑ በደብተር ይሠፍራል። የጥንቱ ጎርፍ በጭቃው ላይ የቦረቦራቸው ጭረቶች ፈሳሹ የሄደበትን አቅጣጫ ስለሚያሳዩ በኮምፓስ ይለካሉ። ከዚያ ቡድኑ ጥቂት መቶ ሜትር ተጉዞ ያንኑ ሥራ እንደገና ይጀምራል። በሁለቱ ልኬቶች መካከል አንዱ በንጣፉ ላይ እጁን እያስኬደ በእግሩ ይጓዛል፤ ንጣፉ መቀጠሉን፣ መሳሳቱን ወይም መቆረጡን በዓይኑ ያረጋግጣል። ከባሕር በታች ያለውን ክምችት የሚያጠናው መሐንዲስ የማያገኛት ይህችን የእግር መንገድ ነው።

ከሎብ እስከ ሎብ

ይህን ድንጋይ ለዓለም ያስተዋወቁት ደቡብ አፍሪካዊው ዴቪል ዊከንስና ራሳቸው አርኖልድ ቦውማ ናቸው። ከእነርሱ በኋላ እንግሊዛውያኑ ስቲቨን ፍሊንትና ዴቪድ ሆጅሰን ከተማሪዎቻቸውና ከባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት ሠርተውበታል። ከሥራዎቹ መካከል ለነዳጅ መሐንዲሶች ከጠቀሙት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 አማንዲን ፕሬላ ከሁለቱ ጋር በፋን 3 ላይ ያሳተመችው ጥናት ነው።

ፋን 3 ከሩቅ ሲታይ አንድ ወጥ የአሸዋ ግድግዳ ይመስላል። ተጠግቶ ሲለካ ግን ስድስት ሎቦች ሆኖ ተገኘ። ሎብ ማለት ጎርፎቹ ከቦያቸው አፍ ወጥተው ሲበተኑ ያከማቹት ዝርግ የአሸዋ ክምር ነው። ውፍረቱ 10 ሜትር ሳይሞላ ስፋቱ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሎብ ሲያብጥ ቀጣዮቹ ጎርፎች ከአጠገቡ ያለውን ዝቅተኛ ቦታ ይመርጣሉ፤ አዲሱ ሎብ ከአሮጌው ጎን ፈቀቅ ብሎ ይነጠፋል። በሎብና በሎብ መካከል ሜትርና ሁለት ሜትር የሚሆን ደቃቅ ደለል ይቀመጣል።

ለፈሳሹ ይህ ምን ማለት ነው? በሎቡ መሐል ጎርፎቹ ኃይለኞች ስለነበሩ የቀድሞውን ጭቃ ጠርገው አሸዋን ከአሸዋ አጋጥመዋል። እዚያ ዘይት ወደ ላይም ወደ ጎንም ይሄዳል። ወደ ዳር ሲኬድ ጭቃው ሳይጠረግ ይቀራል፤ ፈሳሹ ወደ ጎን ብቻ ይጓዛል። በሎቦቹ መካከል ያለው ደቃቅ ደለል ደግሞ አንዱን ሎብ ከሌላው ሊያቋርጠው ይችላል። በሳይዝሚክ አንድ ክምችት መስሎ የታየው፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ጉድጓድ የሚያስፈልገው የተከፋፈለ ክምችት ሊሆን ይችላል።

ከሎቡ ጠርዝ ሌላም ማታለያ አለ። ጎርፉ በመንገዱ የነቀለውን ጭቃ እያዋሐደ ስለሚሄድ፣ መጨረሻው ላይ የሚጥለው ንጣፍ ከታች ንጹሕ አሸዋ፣ ከላይ ጭቃና አሸዋ የተቦካበት ይሆናል። ድቅል ንጣፍ ይሉታል። ውፍረቱን ብቻ የቆጠረ ሰው ጥሩ ማከማቻ አገኘሁ ይላል፤ አሳላፊነቱ ሲለካ ግን የላይኛው ግማሽ ፈሳሽ አያሳልፍም። በታንኳ እነዚህ ንጣፎች በሎቦች ዳር ላይ እንደሚበዙ በግልጽ ታይቷል። አንድ ኮር በድቅል ንጣፍ የተሞላ ከሆነ መሐንዲሱ ከሎቡ መሐል ርቆ መቆፈሩን ይጠረጥራል፤ ቀጣዩን ጉድጓድ ወዴት እንደሚያዞርም ፍንጭ ያገኛል።

የገደሉን ትምህርት ከኮሩ ጋር ለማገናኘት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኖማድ በተባለ ፕሮጀክት፣ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ፣ ከገደሎቹ ጀርባ ጉድጓዶች ተቆፍረው ኮር ወጣ። አንዱን ንጣፍ በገደሉ ላይ በሙሉ ስፋቱ፣ በኮሩም በጠባብ ወርዱ እያዩ ማነጻጸር ተቻለ።

ከታንኳ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በላይንግስበርግ ከተማ ዙሪያ፣ የዚሁ ዘመን ሌላ ክፍል ይታያል። እዚያ ድንጋዩ ተጣጥፏል፤ በእጥፋቶቹ ጎን ግን ደለሉ ወደ ሜዳው የወረደባቸው ቦዮች በቁመታቸው ተቆርጠው ይታያሉ። የአንዳንዱ ቦይ ግድግዳና ወለል በስስ ጭቃ ተለብዷል። ልባዱ ሙሉ ከሆነ በቦዩ ውስጥ ያለው አሸዋ ከጎረቤቱ ይነጠላል፤ ኋላ የመጣ ጎርፍ የበሳው መስኮት ካለ ደግሞ ፈሳሹ በዚያ ይሾልካል። የመስኮቶቹን ብዛትና ስፋት የሚነግር የገደል ልኬት እንጂ ሳይዝሚክ አይደለም።

ከገደሉ ወደ ኮምፒዩተሩ

ዛሬ የመስኩን ደብተር ድሮን ያግዘዋል። ገደሉ ከየአቅጣጫው ይነሣል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች ተገጣጥመው ባለ ሦስት ገጽታ ዲጂታል ገደል ይሠራሉ። የማይደረስበትን ገደል ጫፍ እንኳ በቢሮ ቁጭ ብሎ መለካት ይቻላል። ቀጥሎ ያ ገደል በኮምፒዩተር ወደ ትናንሽ ሕዋሶች ይከፋፈልና ለእያንዳንዱ የአሳላፊነት ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ በአንድ ወገን ውሃ ይገባል፣ በሌላው ወገን ዘይት ይወጣል ተብሎ ይሞከራል። ጭቃዎቹ ሲቀጥሉና ሲቆረጡ ውሃው ከስንት ዓመት በኋላ ወደ ማምረቻው ጉድጓድ እንደሚደርስ፣ ምን ያህሉ ዘይት በኋላ እንደሚቀር ይታያል። አንዳንዶች ሥራውን ገልብጠው ይሠሩታል፦ የታወቀውን ገደል ወደ ሰው ሠራሽ የሳይዝሚክ ምስል ለውጠው ከዓይን የሚሰወረው የትኛው እንደሆነ ይፈትሻሉ።

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። የታንኳ አሸዋ በጥልቀት ተቀብሮ ስለነበር ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል፤ ዛሬ ያለው አሳላፊነት ለአንጎላ ዘይት ምንም አይነግርም። ከገደሉ የሚወሰደው ቅርጹ፣ ስፋቱና አደራረቡ ነው፤ አሳላፊነቱ ከራሱ ከክምችቱ ኮር ይለካል። በተጨማሪም የታንኳ አሸዋ ደቃቅ ነው፣ የተነጠፈውም በሰፊ ሜዳ ላይ ነው። የፈረንሳዩ አኖ ግን ሻካራ ሲሆን በጠባብ ተፋሰስ ግድግዳዎች መካከል ታፍኖ የተከማቸ ነው። የታንኳን ልኬት እንደ አኖ ባለ ክምችት ላይ መጫን ያስታል። ልምድ ያለው ጂኦሎጂስት መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው ገደል ከየትኛው ክምችት ጋር እንደሚመሳሰል ነው።

ከዘይት ባሻገር

ነዳጅ መቀነስ አለበት በሚባልበት ዘመን ይህ እውቀት ዋጋ ያጣ ሊመስል ይችላል። የኖርዌዩ ስላይፕነር ተቃራኒውን ያሳያል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከተፈጥሮ ጋዝ የተለየ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ቶን ገደማ፣ ከሰሜን ባሕር ወለል በታች ዩትሲራ ወደሚባል አሸዋ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በተነሣው ሳይዝሚክ ጋዙ በአሸዋው ውስጥ በዘጠኝ ንብርብር ተከፋፍሎ ታየ። የከፋፈሉት አንድ ሜትር ገደማ የሚሆኑ፣ ከዚያ በፊት በሳይዝሚክ ተለይተው ያልታዩ የጭቃ ንጣፎች ናቸው። ጋዙ በየንጣፉ ሥር ተንሰራፍቶ፣ ቀዳዳ ሲያገኝ ደግሞ ወደ ላይ እየሾለከ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ እስከ አሸዋው ጣሪያ ደርሶ ነበር። ዩትሲራ ከታንኳ እጅግ ያነሰ ዕድሜ ያለው፣ ገና ያልጠነከረ አሸዋ ነው፤ ቀጭኑ ጭቃ ማዘዙ ግን በሁለቱም አንድ ነው። ዘይት ማውጣት፣ ካርቦን መቅበር፣ የከርሰ ምድር ውሃን ከብክለት መጠበቅ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ፈሳሹ በየት በኩል ያልፋል?

ይህ ጥያቄ ወደ ኢትዮጵያም ይመጣል። በሶማሌ ክልል በኦጋዴን ተፋሰስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተገኘው የካሉብ ጋዝ ከተከማቸባቸው ድንጋዮች አንዱ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው። በካሉብ በጥልቀት የተቀበረው ይህ ድንጋይ በአዲግራትና በመቀሌ ዙሪያ ገደል ሆኖ ቆሟል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድም፣ ባዛልቱንና የኖራ ድንጋዩን አልፎ ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ፣ ከሸለቆው ሥር ይገኛል። በአብዛኛው ወንዞች ያነጠፉት እንጂ እንደ ታንኳ የጥልቅ ባሕር ድንጋይ አይደለም፤ ስለዚህ የታንኳ ቁጥሮች አይሠሩለትም፣ የራሱ ልኬት ያስፈልገዋል። የአሠራሩ ዘዴ ግን ያው ነው፦ በአሸዋዎቹ መካከል ያለውን ጭቃ በእግር መከተል፣ የት እንደሚቀጥልና የት እንደሚቆረጥ መመዝገብ።

ለዚህ የመርከብ ቁፋሮ አያስፈልግም። ዱላ፣ ማጉያ መነጽር፣ ኮምፓስ፣ አንድ ድሮንና በገደል ለመውጣት የማይሰንፉ ተማሪዎች ይበቃሉ። ጂኦሎጂ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የአዲግራትንና የአባይን ገደሎች ንጣፍ በንጣፍ ለክተው ውጤቱን ለሁሉም ክፍት በሆነ መዝገብ ሊያኖሩት ይገባል። የማዕድንና የነዳጅ ጉዳይን የያዙ መሥሪያ ቤቶችም በኦጋዴን አዲስ ጉድጓድ ከመፍቀዳቸው በፊት ያንን ልኬት ከኩባንያዎቹ ይጠይቁ። ከተቆፈረ በኋላ ከሚገኝ ጸጸት ይልቅ ከመቆፈሩ በፊት የሚደረግ የእግር ጉዞ እጅግ ርካሽ ነው።